ኢ. ኤች. ካር ማነው? ደብረ ማርቆስ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ከክፍል ስወጣ ኮሪደር ላይ፣ ቡና ስጠጣ፣ አንዳንዴም ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ተማሪዎች ስለ አንድ ሰው ይጠይቁኛል። በሃንድአውታችን ላይ ስሙ የሚገኘው በአንድ መስመር ነው፤ ፈተና ላይ ግን አይቀርም። በስሙ ምክንያት «መኪናው» እያሉ ይጠሩታል። ያንኑ መልስ በየሴሚስተሩ ከምደጋግም አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዘመኑም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መምህር፣ ሰውየው ማነው?

ኤድዋርድ ሃሌት ካር እንግሊዛዊ ነው። በ1892 ለንደን ተወለደ፣ በ1982 ካምብሪጅ አረፈ። ዘጠና ዓመት በኖረበት ዕድሜ ዲፕሎማት፣ ፕሮፌሰር፣ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ጸሐፊና የታሪክ ሰው ሆኗል። በዩኒቨርሲቲ የተማረው ግን የጥንት ግሪክና ላቲን ነው። የእኛ ትምህርት መሥራች ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሰው የእኛን ትምህርት አልተማረም፤ በእሱ ጊዜ ትምህርቱ ራሱ ገና አልነበረማ።

ዲፕሎማት ከሆነ እንዴት አስተማሪ ሆነ?

በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገባ። በጤና ምክንያት አልዘመተም። በ1919 ከእንግሊዝ ልዑካን ጋር ፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ነበር፤ ጀርመኖች የተያዙበት አኳኋን ያኔውኑ ቅር እንዳሰኘው በኋላ ተናግሯል። ይህችን ቅሬታ ያዙልኝ፣ ወደ ታች እንመለስባታለን።

ከ1925 እስከ 1929 ሪጋ፣ የላትቪያ ዋና ከተማ፣ ተመደበ። ሥራ የማይበዛበት ቦታ ነበር። እኛ ዘንድ ሩቅ ወረዳ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ካርታ መጫወት ወይም ማማረር ይጀምራል። ካር ሩሲያኛ ተማረ፣ ዶስቶየቭስኪን በራሱ ቋንቋ አነበበ፣ ከዚያም በ1931 የዶስቶየቭስኪን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። ቀጥሎ ስለ ማርክስ፣ ስለ ባኩኒን ጻፈ። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በሚኒስቴሩ ውስጥ የመንግሥታት ማኅበርን፣ ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ጄኔቭ ላይ የተቀመጠውን የአገሮች ማኅበር፣ ጉዳይ ይከታተል ነበር። ስለ ጄኔቭ ሲጽፍ ከወንበሩ ሥር ሆኖ ያየውን ነው የሚጽፈው።

በ1936 ሚኒስቴሩን ለቀቀና ዌልስ ውስጥ አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፕሮፌሰርነት ወንበር ያዘ። ይህ ወንበር በ1919 የተቋቋመ፣ በዓለም አቀፍ ፖለቲካ ትምህርት የዓለም የመጀመሪያው ነው። ገንዘቡን ያወጡት የከሰል ማዕድን ባለሀብት ቤተሰብ ልጆች፣ ዴቪድ ዴቪስና እህቶቹ ናቸው፤ ምክንያታቸው በጦርነቱ የረገፉት የኮሌጁ ተማሪዎች ነበሩ። ወንበሩ የተሰየመው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በዉድሮ ዊልሰን፣ የመንግሥታት ማኅበርን ሐሳብ ባነገበው ሰው ነው። ካር በዊልሰን ስም በተሰየመው ወንበር ላይ ተቀምጦ የዊልሰንን ሐሳብ ክር በክር ተረተረው። ዴቪስ መጀመሪያውኑ ሹመቱን አልወደደውም ነበር፤ በኋላማ ጭራሽ ተናደደ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህን ታሪክ ብሰማ ኖሮ ትምህርቱን ቶሎ እወደው ነበር።

«የሃያ ዓመታቱ ቀውስ» የሚለው የካር መጽሐፍ በአጭሩ ምን ይላል?

ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ የቆጠረ ሰው ይህን መጽሐፍ ለመረዳት ከእኔ ተማሪዎች ይቀድማል። ሰሙን ይዘህ ወርቁን ካጣኸው የኔታ አያሳልፉህም። ካር የመንግሥታትን ንግግር የሚያነበው እንደዚያ ነው።

ከ1919 እስከ 1939 ባሉት ሃያ ዓመታት ሰሙ እንዲህ ነበር፦ ሰላም የሁሉም ጥቅም ነው፤ ሕግ ይገዛናል፤ የዓለም ሕዝብ አስተያየት ወራሪን ያቆመዋል። ካር ወርቁን ሲፈልገው «ሰላም ለሁሉም ይጠቅማል» የሚሉት አስቀድመው ለሙን መሬት የያዙ ናቸው ይላል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና አሜሪካ የጠገቡ ነበሩ። ጀርመን፣ ጣሊያንና ጃፓን አልጠገቡም፤ ለእነሱ «ሰላም» ማለት ባሉበት ተቸክሎ መቅረት ነው። የጥቅም ስምምነት ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ነው፤ የአንዱ ጥቅም የሁሉም ጥቅም መስሎ ሲቀርብ።

ቅዳሜ ገበያችን ውጡና እዩት። ባለ መጋዘኑ ነጋዴ «በነፃ እንወዳደር፣ ገበያው ይፍረድ» ይላል። አንዲት አህያ ጤፍ ጭኖ ከገጠር የመጣው ሰው ደግሞ ከመምሸቱ በፊት ሸጦ መመለስ አለበት፣ ማደሪያ የለውም። ሁለቱም «ነፃ» ናቸው። እንግሊዝ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካውን ሁሉ ይዛ ስለ ነፃ ንግድ ስትሰብክ ሁኔታው ይኸው ነበር።

አንድ ነገር ግን ከቅኔው ይለያል፣ ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ የምቆምበት ይህ ነው። ባለ ቅኔው ወርቁን ራሱ ነው የሚደብቀው፣ የት እንዳለ ያውቃል። የመንግሥት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ካር ፖለቲከኞቹን ውሸታሞች ናቸው ብሎ አልከሰሰም፤ ሰሙን ራሳቸው አምነውታል ነው ያለው። ውሸታም ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ።

ኃይልን በሦስት ይከፍለዋል፦ የጦር፣ የኢኮኖሚ፣ የሰውን አስተያየት የመግዛት ኃይል። ሦስቱ ተነጣጥለው አይሠሩም ባይ ነው። ይህን ልብ በሉ፣ ኢትዮጵያ የምትመጣው በዚህ በኩል ነውና።

ፈተና ላይ ሪያሊስት ነው ብዬ ልጻፍ?

ሪያሊስት ማለት ፖለቲካን የሚነዳው ከሕግና ከምኞት ይልቅ ኃይል ነው ባይ ነው። ምርጫ ከሆነ አዎ፣ ክበቡት። የጽሑፍ ጥያቄ ከሆነ ግን በዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ አልሰጥም። መጽሐፉ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሕልመኞቹን፣ ሰላምን በሕግና በምኞት እናመጣለን የሚሉትን፣ ይደበድባል፤ ተማሪ እዚያ ድረስ ያነብና ይዘጋዋል። ትንሽ ቢገፋ ካር ፊቱን ሲያዞር ያገኘዋል። ንጹሕ ሪያሊዝም አራት ነገር ይጎድለዋል ይላል፦ የሚደረስበት ግብ፣ ልብ የሚያነሣሣ ነገር፣ በጎና ክፉ ብሎ የመፍረድ መብት፣ ለድርጊት መነሻ። ኃይል ብቻ ያለው ፖለቲካ የትም አያደርስም፣ ምኞት ብቻ ያለውም እንዲሁ። ሁለቱ ሲጣሉ ይኖራሉ እንጂ አይታረቁም።

ስለ ኢትዮጵያ ጽፏል ወይ?

አዎ፣ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ብቆይ ደስ ይለኛል።

ጣሊያን በጥቅምት 1935 ስትወረን ካር ገና የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ ነበር። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረጀ፣ ከኅዳር 18 ቀን ጀምሮ ማዕቀብ ጣለ። የጦር መሣሪያ ተከለከለ፣ ብድር ተከለከለ፣ የጣሊያን ዕቃ መግዛት ተከለከለ። ነዳጅ ግን አልተከለከለም። የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የጣሊያን ወታደር ጭኖ የሚመጣው መርከብ እንግሊዞች ባሉበት ቦይ ቀረጥ እየከፈለ ያልፍ ነበር። በታኅሣሥ የእንግሊዙና የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ ከአገራችን ሰፊውን ክፍል ለሙሶሊኒ ቆርሶ የሚሰጥ ዕቅድ ተስማሙ። ዕቅዱ ሾልኮ ወጣና ሆርን ከሥልጣን አወረደው።

ሰሙ የጋራ ደኅንነት ነው። ወርቁ፣ ሁለቱ መንግሥታት ሙሶሊኒን ከሂትለር ጋር እንዳይወዳጅባቸው መፍራታቸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ቆመው ሲናገሩ አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር ሊሞላ ነበር። ማኅበሩ ማዕቀቡን ለማንሣት የወሰነው ከንግግሩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ነው።

ካር በመጽሐፉ ይህን ማዕቀብ ምሳሌ አድርጎ ያነሣዋል። ክርክሩ ቀዝቃዛ ነው፦ የኢኮኖሚ መሣሪያ ከኋላው የጦር መሣሪያ ካልቆመ መሣሪያ አይደለም፤ ለመዋጋት ያልቆረጠ ማዕቀብ አይጣል። ስናነበው ያመናል። ስለ እኛ መበደል አልነበረም የሚያስበው፤ እሱ ራሱ ከጣሊያንም ከጀርመንም ጋር መስማማት ይሻላል ከሚሉት ወገን ነበር። ስለ ማዕቀቡ ግን ልክ ነው።

ያልታየው ነገር ደግሞ አለ። አያቴ የሞጣ አካባቢ ሰው ነበሩ። ውጅግራቸው ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ አስታውሳለሁ፣ ማንገቻው በጠፍር ተጠግኖ። ጥይት እንዴት ታገኙ ነበር ብዬ ልጅ ሳለሁ ስጠይቃቸው «ከራሱ ከጣሊያን ነዋ፣ ጄኔቭማ ምን ላከልን?» አሉኝ። የካርን መጽሐፍ ሳነብ ይህች መልስ ትመጣብኛለች። ካር ኃይልን የሚቆጥረው ከዋና ከተማ ወደ ዋና ከተማ ነው። መንግሥት ከወደቀ፣ ማኅበሩም ካጨበጨበ በኋላ፣ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ጎጃም ውስጥ ገጠሩን ይዘው ጣሊያንን ምሽግ ውስጥ ሲያጉሩት ያ ኃይል በየትኛው መዝገብ ይግባ? ሁሉም አንድ ነበሩ አልልም፤ እርስ በርስም ይጣሉ ነበር፣ ራስ ኃይሉም ከጣሊያን ጋር ነበሩ። ቢሆንም ጣሊያን ጎጃምን ገዛሁ ብሎ በሰላም አላደረም።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ካርን መልሶ ይደግፈዋል፣ አልደብቅም። እንግሊዝ በ1938 ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት ናት ብላ ዕውቅና ሰጠች። በሰኔ 1940 ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ በሁለት ወሩ የእንግሊዝ መኮንኖች የማሪያ ቴሬዛ ብር ጭነው ጎጃም ገቡ። ወዳጅነታችን ድንገት ትዝ አላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ፣ በበላያ ተራራ አድርገው፣ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት «ጌድዮን ጦር» ጋር በቡሬና በደምበጫ መስመር ተጉዘው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ያ ጦር ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላ ነበር፣ ግመሎቹም በሺህ እየተቆጠሩ በመንገድ አለቁ። ከእሱ እጅግ የሚበዛውን የጣሊያን ጦር ከደብረ ማርቆስ ያስለቀቀው አርበኛው አገሩን ስለያዘለት ነው። ይህን ካር አላሰላውም። የእኔ አስተያየት ነው፤ የማይስማሙ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ።

ሂትለርን ደግፏል የሚባለው እውነት ነው?

ናዚ አልነበረም። ግን በ1938ቱ የሙኒክ ስምምነት፣ ሂትለር ከቼኮዝሎቫኪያ ሲቆርስ፣ ካር ከደጋፊዎቹ ነበር። ከላይ ያዙልኝ ያልኋችሁ የፓሪስ ቅሬታ እዚህ ትደርሳለች፦ ጀርመን ተበድላለች፣ ኃይሏም አድጓል፣ ስለዚህ ያለ ጦርነት ይሰጣት። መጽሐፉ በመስከረም 1939፣ ጦርነቱ በፈነዳበት ወር፣ ለኅትመት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሙኒክንም ጥሩ ምሳሌ አድርጎ ይዞ ወጣ። በ1946 ሁለተኛው እትም ሲወጣ እነዚያ ቦታዎች ተቀንሰዋል። ስልካችሁ ላይ የምታነቡት ፒዲኤፍ የትኛው እትም እንደሆነ መጀመሪያ ገጹ ላይ እዩ።

ከሁሉም የከፋ ትችት የመጣው ከጠላት ሳይሆን ከሪያሊስቱ ከሃንስ ሞርገንታው ነው፣ ከናዚ ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ጀርመናዊ አይሁዳዊ። በ1948 በጻፈው ላይ የካር ጉድለት ከኃይል በላይ የሚቆም መለኪያ ማጣቱ ነው፣ ስለዚህ ኃይል ወዳለበት ያጋድላል ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ወርቁን መፈለግ የለመደ ዓይን አንዳንዴ ወርቅ ሁሉ ጉልበት ይመስለዋል።

ኮሚኒስት ነበር እንዴ?

የፓርቲ አባል አልነበረም። ከ1941 እስከ 1946 የለንደኑ የታይምስ ጋዜጣ ምክትል አዘጋጅ ሆኖ በርዕሰ አንቀጾቹ ከሶቭየት ኅብረት ጋር እንወዳጅ ይል ስለነበር «ቀዩ ፕሮፌሰር» የሚል ስም ወጣለት። በ1944 መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር አቴንስ ውስጥ ከግራ ክንፍ ታጋዮች ጋር ሲዋጋ ታይምስ መንግሥትን ተቸ፤ ቸርችል ተቆጥቶ ፓርላማ ውስጥ ጋዜጣውን ወረደበት። ከዚያ በኋላ ካር ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶ የሶቭየት ሩሲያን ታሪክ በ14 ቅጽ ጻፈ፣ ከ1950 እስከ 1978። ቅጾቹ ውስጥ ዕቅድና ውሳኔ ሞልቷል፣ በዕቅዱ የተፈጨው ገበሬ ግን ጥቂት ቦታ ነው ያለው። ደርግን ያዩ ወላጆች ያሏችሁ ልጆች ይህ ለምን እንደሚከነክነኝ ይገባችኋል።

ካር ቢኖር ስለ አባይ ምን ይል ነበር?

ይህን የማይጠይቅ ተማሪ ጎጃም ውስጥ አላገኘሁም፤ ግሽ ዓባይ እኮ እዚሁ ሰከላ ነው። የሚከተለው የካር ሳይሆን የእኔ ግምት ነው።

በመጽሐፉ ስለ ውል ቅድስና አንድ ምዕራፍ አለ። ውል ቅዱስ ነው የሚለው ብዙ ጊዜ የተጠቀመበት ወገን ነው፣ የኃይል ሚዛን ሲለወጥ ውሉ መንገጫገጩ አይቀርም፣ ጥያቄው ያለ ጦርነት እንዴት ይለወጥ ነው። በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን ሲከፋፈሉ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ደረሰ። አብዛኛው ውሃ የሚነሣባት ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። «ታሪካዊ መብት» የሚለው ሐረግ ካር የሚወደው ዓይነት ሰም ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ መሠረቱ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ክርክሩ ከወረቀት ወደ ኮንክሪት ተዛወረ።

እስከዚህ ተማሪው ይስቃል፣ ያጨበጭባልም። «እኛስ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ስንል ወርቃችን ምንድን ነው?» ስላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ካርን ለግብፅ ብቻ ማንበብ አይቻልም።

«ታሪክ ምንድን ነው?»ን የጻፈውም ይኸው ሰው ነው?

ይኸው ነው። በ1961 ካምብሪጅ የሰጣቸው ንግግሮች ናቸው። እውነታዎች ዓሣ ሻጭ መደብ ላይ እንደተዘረጋ ዓሣ አይደሉም፣ በውቅያኖስ እንደሚዋኝ ዓሣ ናቸው ይላል፤ የምትይዘው የት እንዳጠመድህና በምን እንዳጠመድህ ይወስነዋል። ጣና ዳር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ መረቡ ዓይኑ ሰፊ ከሆነ አምባዛው ይቀራል፣ ትንሹ ቀረሶ ሾልኮ ይሄዳል። ስለዚህ ከታሪኩ በፊት ታሪክ ጸሐፊውን አጥና ይላል። እኔም ካርን ያነበብሁት በዚሁ ምክሩ ነው።

ከየትኛው ልጀምር?

ከ«ታሪክ ምንድን ነው?»፤ አጭር ነው፣ እንግሊዝኛውም ይቀላል። ከዚያ ወደ «የሃያ ዓመታቱ ቀውስ» ሂዱ፤ ኢትዮጵያ ያለችበትን ቦታ ለማግኘት ስለ ኢኮኖሚ ኃይል የሚያወራውን ክፍል ፈልጉ። አሥራ አራቱን ቅጽ ለጊዜው ተዉት። የእኔ ቅጂ ፎቶ ኮፒ ሲሆን ማሽኑ ከመካከል ሁለት ገጽ በልቶብኛል፤ ሙሉውን ያገኘ ተማሪ ካለ ቢሮዬ ብቅ ይበል።